«ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት አንገቱን እዩት

ጎጃም ውስጥ አንድ ተማሪ ከእኩዮቹ ልቆ ከተገኘ ሐሜት አያጣውም። «አብሾ ጠጥቷል» ይባላል፤ አብሾ ትምህርት ያስገባል ተብሎ የሚጠጣ ነገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከሆነማ ሐሜቱ እንደ እርግጥ ይወራል። ሁለት መለኪያ አረቄ ቀምሶ ጠረጴዛ የሚገለብጥ ጎልማሳ ሲገኝም ማብራሪያው ያው ነው። «ተዉት፣ አብሾ አለበት።»

ይህን እንደ ተረት ብቻ አላየውም። ሕዝቡ በራሱ መንገድ አንድ ትልቅ ነገር እያለ ነው፦ ሰውነት ውስጥ የገባ ነገር ጠባይን ይለውጣል። መነሻው ልክ ነው። የሚያናድደኝ፣ ልክ የሆነውን መነሻ ይዘን ማየት ያለብንን ነገር ማለፋችን ነው። ስለ አብሾ ሌሊቱን ሙሉ እናወራለን። ስለ ጨው ግን ማንም አያወራም።

መጀመሪያ አብሾን እንጨርሰው። አብሾ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው አስተናግር ነው። ዕፀ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል። አበባው ነጭ፣ ፍሬው እሾሃማ ነው። ውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሰውን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳሉ። አዲስ ነገር ለመያዝ ደግሞ አሴቲልኮሊን የግድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ለጤነኛ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው ፈተኗቸው። ወጣቶቹ አዲስ የተነገራቸውን መያዝ አቃታቸው፤ የማስታወስ ችሎታቸው ወደ አረጋውያን ተጠጋ። ዛሬም ለመርሳት በሽታ መድኃኒት የሚፈልጉ ቤተ ሙከራዎች አይጦችን ለማስረሳት የሚወጉት ይህንኑ ስኮፖላሚን ነው።

እንግዲህ አስቡት። ትምህርት እንዲገባኝ ብሎ የሚጠጣው ልጅ የሚጠጣው ማስረሻ ነው። አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ከሌለ ሰው ጋር ያወራል። መጠኑ ካለፈም ይገድላል። ስለዚህ «አብሾ አሳበደው» የሚለው ወሬ ከንቱ አይደለም። ከዓመታት በፊት የተጠጣ አስተናግር ዛሬ በአረቄ ይቀሰቀሳል የሚለው ግን አያስኬድም። ንጥረ ነገሩ በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ጠረጴዛውን ያስገለበጠው አረቄው ራሱ ነው።

ታዲያ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጉባኤ ቤቶች የቅኔ ሊቃውንት ያን ሁሉ እንዴት ያዙት? መልሱ ያለው እዚያው ጉባኤው ውስጥ ይመስለኛል። የተቀጸለው፣ ማለትም በቃል የተቀበሉት ትምህርት፣ ማታ በጨለማ ይደገማል። በማግስቱ ለመምህሩ ይመለሳል። ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ ሲያስተምር ደግሞ ራሱ ይበልጥ ይይዘዋል። በመካከል እንቅልፍ አለ። ቀን የተሰማው በእንቅልፍ ጊዜ ይደላደላል። ለንደን ውስጥ የታክሲ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ወደ 25,000 የሚጠጉ ጎዳናዎችን በቃሉ መያዝ አለበት። ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በኤምአርአይ አዩዋቸው። ፈተናውን ባለፉት ሰዎች ላይ ሂፖካምፐስ የተባለው የማስታወሻ ክፍል ጀርባው አድጎ ተገኘ። ባላለፉት ላይ ለውጥ አልታየም። የእኛን ሊቃውንት በዚህ መንገድ ያየ ቢኖር ምንኛ ደስ ባለኝ። ዳዊት ሲደግም ያደገ ልጅ አንጎሉን የሠራው በድግምት አይደለም፤ በመድገም ነው።

አሁን ወደ ጨው።

የጎጃም ደጋ ውኃ አያጣም። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከእሱ የሚነሱት ወንዞች መጨረሻቸው አባይ ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ከተዳፋቱ ያጠበው አፈሩን ብቻ አይደለም፤ አዮዲኑንም ይዞት ሄዷል። አዮዲን ባሕር ውስጥ ይበዛል፤ ዝናብ በሚያጥበው ተራራማ አገር ያንሳል። አፈሩ ላይ ካነሰ ድንቹም ጤፉም ላይ ያንሳል። በገዛ ማሳው እህል ለሚኖር ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንገታችን ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ሆርሞኗን የምትሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን ሲጎድልባት ያለችውን ለመሻማት ታብጣለች። እንቅርት የምንለው በአብዛኛው ይህን ነው። ድሮ አንገት የሚነቀሰው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ጭምር ነው። እናቶቻችን ችግሩን አይተውታል ማለት ነው። ያላዩት፣ ሊያዩትም የማይችሉት፣ ከአንገት በላይ ያለውን ጉዳት ነው።

የጽንስ አንጎል ያለዚህ ሆርሞን በወጉ አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱ የራሱ ዕጢ ሥራ ስላልጀመረች የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። እናት አዮዲን በጣም ካነሳት ልጁ መስማት የተሳነው፣ ቁመቱ የተቀጨ፣ አእምሮው የተጎዳ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ይህ ቢያንስ ለዓይን ይታያል። እኔን የሚያስፈራኝ መካከለኛው ነው። ልጁ ሲወለድ ምንም አይለይም። ያለቅሳል፣ ይጠባል፣ ይድሃል። ነገሩ ብቅ የሚለው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። ፊደሉ ቶሎ አይገባውም። ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል። መምህሩ አንድ ሁለቴ ይታገሣል፤ ከዚያ ስም ይወጣለታል። «ደደብ» ወይም «ሰነፍ»። ያ ስም ደግሞ እስከ ትዳሩ ይከተለዋል።

አዋቂውም ላይ ያው ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይከብደዋል። ይበርደዋል፣ ያንቀላፋል፣ ሐሳቡ ይዘገያል፣ ሆዱ ይባባል። ጎረቤት «እጇን አጣጥፋ ትውላለች» ይላታል። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ላብ፣ የልብ ድለቃ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ በትልቁ መቆጣት። ይህችኛዋ «ነገረኛ» ትባላለች። ሁለቱም ሴቶች የታመሙት በአንዲት ዕጢ ነው። አንዷ በስንፍና፣ ሌላዋ በክፋት ይፈረድባቸዋል።

መድኃኒቱ አስቂኝ በሆነ መጠን ትንሽ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ይበቃል። የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ድርሻ ቢጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ስዊዘርላንድ እንደኛው ተራራማ ናት። እንቅርቱም፣ በአዮዲን እጥረት አእምሯቸው የተጎዳ ልጆችም በየሸለቆው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1922 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች ከአገሩ ጠፉ። ሕዝቡ አልተቀየረም፤ ተራራውም ያው ተራራ ነው። የተቀየረው ጨው ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ የጨው ታሪክ ከፖለቲካ ጋር የተጠላለፈ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ገበያው አዮዲን ወዳልተጨመረበት የአፋር ጨው ዞረ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት ብሎ ደንብ ቁጥር 204ን ያወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል የተፀነሱ ልጆች ዛሬ አድገዋል። ስንቶቹ «አይገባውም» ተብለው ከአራተኛ ክፍል እንደቀሩ ማን ቆጠረ?

ደንብ መውጣቱ ደግሞ አንድ ነገር ነው፣ ወጥ ውስጥ መድረሱ ሌላ። አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀት አይወድም። ገበያ ላይ ጆንያው ተከፍቶ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ቤት ሲደርስ ቆሽሿል ተብሎ ይታጠባል። ከዚያ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። በመጨረሻም ሽንኩርቱ ሳይበስል ይጨመራል። እንዲህ ከሆነ ከከተማ ድረስ የመጣው አዮዲን በየደረጃው ተንጠባጥቦ አልቋል። ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ምንም ብር አይጠይቅም።

ጨው ላይ ይህን ያህል የቆምኩት ምሳሌው ግልጽ ስለሆነ ነው። ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ረሃብም ጠባይ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት በግማሽ ሆድ ኖሩ። እነዚህ ሰው አንገድልም ብለው ጦርነት አንዘምትም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ የበለጠ ሰላማዊ ሰው ከየት ይመጣል? ረሃቡ ሲገባ ግን ተነጫነጩ፣ ተኮራረፉ፣ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። አሁን ከገጠር መጥቶ ወረዳ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ አስቡት። ከቤቱ ይዞት የመጣው ድርቆሽ ሳምንቱን አያዳርስም። ዓርብ ከሰዓት ክፍሉን የሚረብሸውን ልጅ «ዲሲፕሊን የለውም» ከማለት በፊት ምሳ በልተህ ነው ወይ ማለት ይገባል።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ ተኩሱ ተጨመረበት። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ተኩስ እየሰማ የከረመ ልጅ አንጎሉ አደጋን መጠበቅ ይለምዳል። በር ሲንኳኳ ይዘላል፣ ሌሊት ይባንናል፣ መጽሐፉ ላይ ዓይኑን ማሳረፍ ያቅተዋል። ትምህርት ቤት ሲከፈት ይህ ልጅ እንደ ድሮው ተማሪ ቁጭ ይላል ብሎ የሚጠብቅ መምህር ራሱም ይደክማል፣ ልጁንም ያደክማል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። «ሁሉን በአንጎል ካሳበብን ጥፋተኛ የሚባል ሰው ሊቀር ነው?» ይሉኛል። አይቀርም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ይህን ቀድሞ አስቦበታል። በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው ኃላፊነት የለበትም። ማስተዋሉ በከፊል የቀነሰ በከፊል ይጠየቃል። ወንጀል ሊሠራ ብሎ ሆን ብሎ የሰከረ ግን ስካሩ አያስጥለውም። ሽማግሌዎቻችንም ያውቁበታል። ደም የፈሰሰበት ነገር ሲመጣላቸው ዕለቱን አይፈርዱም። ቀጠሮ ያበዛሉ፣ ገዳዩን ከሰፈር ያርቃሉ፣ የሟችን ወንድም ያባብላሉ። ወጣቱ «ያጓትታሉ» እያለ ይማረራል። ነገር ግን ስሜትን የሚገታው የግንባር አንጎል በስሎ የሚያልቀው በ20ዎቹ አጋማሽ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ጠመንጃ ይዞ በቁጣ ሲነሳ፣ ያ ቀጠሮ እሱ ገና ያላበቀለውን ልጓም ከውጭ የሚያስገባለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። ባዮሎጂ ስል ዘር ማለቴ አይደለም። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን፣ አጥንት መርምረን፣ «የእነ እገሌ ዘር እንዲህ ነው» ማለት ይቀናናል። በዝሆኔ ያበጠ እግር ያለበት ቤት ልጅ አይዳርለትም፤ በዘር ነው ተብሎ። የአካባቢያችን ዝሆኔ በአብዛኛው የሚመጣው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው። በቀላሉ የሚጠቁ ቤተሰቦች መኖራቸው እውነት ነው፤ እነሱንም ቢሆን ጫማ ይጠብቃቸዋል። እንቅርትም እንዲሁ በአንድ ቤት ሲደጋገም የዘር ይመስላል። አንድ ቤት የሚበላው ግን አንድ ጨው ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚያውቁት የጨው መመርመሪያ ጠብታ አለ። ጨው ላይ ጠብ ሲደረግ፣ አዮዲን ካለ ጨው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ከደቂቃ በላይ አይፈጅም። መስከረም ላይ ተማሪ ሲመዘገብ ከቤቱ ጨው በወረቀት ቋጥሮ ይምጣ። መምህሩ ፊት ጠብታው ይፍሰስበት፤ አንገቱም በዚያው ይታይ። የብዙ ልጆች ጨው ነጭ እንደሆነ ከቀረ ጉዳዩ የወላጅ ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ ጨው የሚያከፋፍለው ነጋዴ ይጠራ። ቀጣዩ የገበያ ቀን ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ የየትኛው ሱቅ ጨው ሰማያዊ እንደማይሆን ያውቃል።