ቲማቲምና ወይን፦ በቨርጂኒያ ጓሮና በአዲስ አበባ ግቢ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሐበሻ ጓሮ ውስጥ ምን እንደሚበቅል አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ጎመን አለ፣ ቃሪያ አለ፣ በሶብላና ጤና አዳም አይጠፉም፣ ቲማቲሙም አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ወይን ግን እምብዛም ነው። ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ ከቀድሞው ባለቤት የተወረሰ፣ ለዓመታት መቀስ ያልነካው ሐረግ ነው፤ ቅጠሉ አጥሩን አልብሶት ፍሬው ሳይበስል ጠቁሮ ይኮማተራል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በድሮዎቹ ሰፋፊ ግቢዎች በረንዳ ላይ የወጣ ወይን ብርቅ አይደለም፤ ሰኔ ላይ ቲማቲም ተክሎ በመስከረም የለቀመ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ሰዎች ምክንያቱን ከአፈሩ ይፈልጋሉ። አፈሩ ድርሻ አለው፣ ዋናው ግን የወቅቱ ነገር ነው። እዚህ አሜሪካ ቲማቲምን የሚቀጨው ውርጭ ነው፣ አገር ቤት ዝናብ ነው። እዚህ ወይኑን ብርዱ በየዓመቱ ያስተኛዋል፤ አገር ቤት ግን ሰው በመቀስ ካላሳረፈው ዓመቱን ሙሉ ቅጠል እንዳወጣ ይኖራል። ከአንዱ አገር የለመዱትን የአተካከል ጊዜ ወደ ሌላው ይዞ መሄድ ሁለቱንም ተክል ያበላሻል።

ከቲማቲሙ እንጀምር። በዋሽንግተን ዙሪያ የመጨረሻው ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ በኤፕሪል አጋማሽና በሜይ መጀመሪያ መካከል ያልፋል። ለዚህም ነው የአካባቢው አትክልተኞች የእናቶች ቀንን፣ የሜይን ሁለተኛ እሑድ፣ የመትከያ ምልክት ያደረጉት። ዘሩ ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ይዘራል። ሱቆች ችግኝ ቀድመው ስለሚደረድሩ የመትከያው ጊዜ የደረሰ ይመስላል፤ በቀዝቃዛ አፈር የገባ ችግኝ ግን ባይሞት እንኳ ይደነዝዛል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የተተከለውም ይቀድመዋል። ሲተከል ከላይ ጥቂት ቅጠሎች እስኪቀሩ ድረስ ግንዱን በጥልቀት መቅበር ነው፤ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። በችግኞቹ መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። 1.8 ሜትር የሚሆነው መደገፊያ እንጨት በዚያው ዕለት ይተከል፣ ዘግይቶ ሲቸነከር ሥር ይቆርጣል።

የታችኛዎቹን ቅጠሎች እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ማንሳትና መሬቱን በጭድ መሸፈን ከመድኃኒት በላይ ይጠቅማል። እዚህ አገር ቅጠሉን ከሥር ወደ ላይ የሚያቃጥሉት ሁለቱ በሽታዎች፣ ኧርሊ ብላይትና ሴፕቶሪያ፣ በዝናብ ከመሬት በሚፈናጠር አፈር ነው የሚወጡት። ውኃው በሳምንት ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ዝናብ የሚያህል ሆኖ በማለዳ ከሥሩ ይፍሰስ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይረጭ። የፍሬው ታች ጠቁሮ ሲሰምጥ ብዙዎች የእንቁላል ቅርፊት መፍጨት ይጀምራሉ። ካልሲየም ወደ ፍሬው አለመድረሱ እውነት ነው፤ ያልደረሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን ውኃው አንድ ሳምንት ተትረፍርፎ ሌላ ሳምንት ስለሚቋረጥ ነው። ውኃውን ማስተካከል ቀጣዩን ፍሬ ያድነዋል። በጁላይ ቀኑ ከ32፣ ሌሊቱ ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ አበባው ይረግፋል። ይህ በሽታ አይደለምና ማዳበሪያ መጨመር አያስፈልግም፤ ናይትሮጅን የበዛለት ቲማቲም ቅጠል ብቻ ነው የሚሆነው። ሙቀቱ ሲበርድ እንደገና ይይዛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። እዚያ ሁለት ጠላት አለ። አንዱ የክረምቱ እርጥበት ነው፤ ድንቹንም ቲማቲሙንም የሚጨርሰው ሌት ብላይት የሚባለው ዋግ በቀዝቃዛና ዝናባማ አየር በጥቂት ቀን ውስጥ መደቡን ያጠቁረዋል። ሌላው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ ከ13 ዲግሪ በታች አበባው ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ቢሆንም አለ። ዘሩን በታኅሣሥ አጋማሽ ብርድ በማያገኘው ቦታ ማፍላት፣ ችግኙን በጥር መጨረሻ መትከል፣ ፀሐይ የሚያሞቀውን ግድግዳ ማስደገፍ፣ ሐምሌ ሳይገባ ለቅሞ መጨረስ ነው። የመቂና የዝዋይ ገበሬዎች ቲማቲሙን በበጋ በመስኖ የሚያለሙት፣ በክረምት ደግሞ ዋጋው የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የታየችው ቱታ አብሶሉታ የምትባለው ትንሽ ግራጫ የእሳት ራትም አለች፤ ትሏ በቅጠሉ ሽፋኖች መካከል እየቦረቦረ ይሄዳል፣ ፍሬውንም ይበሳል። ለጓሮ የሚበጀው የተቦረቦረውን ቅጠል እየለቀሙ ማቃጠልና ከዓመት ዓመት በአንድ መደብ ላይ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ አለመደጋገም ነው።

ወይኑ ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል። ቲማቲም በተተከለ በ70 እና በ80 ቀን ውስጥ ያበላል፣ ደህና የተያዘ አንድ እግር ከ4 እስከ 7 ኪሎ ይሰጣል፣ በውርጭም ይሞታል። ወይን በመጀመሪያው ዓመት ሥርና ግንድ ብቻ ያበጃል። በሁለተኛው ዓመት የሚወጣውን ዘለላ መንቀል ያሳዝናል፣ ግን መነቀል አለበት። ፍሬው በሦስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ኮንኮርድ የሚባለው ዝርያ አንዱ ሐረግ 7 ወይም 8 ኪሎ ይሰጣል፣ ዕድሜውም የሰው ትውልድ ያህላል።

በቨርጂኒያ ትልቁ ውሳኔ የዝርያው ነው። ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን በቨርጂኒያው እርሻው በሞንቲቼሎ የአውሮፓ ወይን ደጋግሞ አስተክሎ አልተሳካለትም። በአካባቢው አፈር የሚኖረው ፊሎክሴራ የሚባል ጥቃቅን ተባይ የአውሮፓውን ወይን ሥር ይጨርሳል፣ ብላክ ሮት የሚባለው ሻጋታም ፍሬውን ያጠቁራል። ስለዚህ ለጓሮ የሚሻለው የአሜሪካ ደም ያለበት ዝርያ ነው፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በማሳቹሴትስ የተገኘው ኮንኮርድ፣ ወይም ከአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ዘር አልባዎቹ ማርስና ሪላያንስ። ከገበያ የገዙት ወይን ጣዕም ያማራቸው ሰዎች የዚያን ዓይነት ችግኝ ይፈልጋሉ፤ እርጥበት በበዛበት በዚህ አገር የሚያተርፉት ግን ድካም ነው።

በችግኞች መካከል 2.4 ሜትር፣ ጠንካራ ምሰሶ፣ አንድ ሽቦ በ90 ሴንቲ ሜትር ሌላው በ1.8 ሜትር ከፍታ። ከዚያ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መግረዝ ነው። ሐበሻ የሚፈራው ይህን ነው፤ የቆመ ቅርንጫፍ መቁረጥ ጥፋት ይመስለዋል። ነገር ግን ወይን የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ካለው አይን በሚወጣው ቀንበጥ ላይ ብቻ ነው፣ ያረጀው እንጨት ጥላ እንጂ ዘለላ አይሰጥም። ባለፈው ዓመት ካደገው ከ10 እጅ ወደ 9 እጁ ይቆረጣል። የሚቀሩት የእርሳስ ውፍረት ያላቸው አራት ቅርንጫፎች ናቸው፣ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዳቸው 10 ያህል አይን ይዘው። በየአጠገባቸውም ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆን ባለ ሁለት አይን አጭር ጉቶ ይተዋል። ከቁርጡ ውኃ ሲንጠባጠብ አይደንግጡ፣ ሐረጉን አይጎዳውም።

ያልተገረዘ ወይን ውስጡ አየር ስለማያገኝ ብላክ ሮት ይሰፍርበታል። ያለፈው ዓመት የደረቀ ፍሬ ከሐረጉም ከመሬቱም ተለቅሞ ካልተወገደ በሽታው ከዚያው ይነሳል። መድኃኒት የሚረጭ ሰው ከአበባው ትንሽ ቀደም ብሎ ጀምሮ ከአበባው በኋላ እስከ አራት ሳምንት ነው መርጨት ያለበት፤ ፍሬው ከጠቆረ በኋላ መርጨት ከንቱ ነው። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን እንደሚቆይ በጠርሙሱ ላይ ይነበብ። በ2014 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ ላይ ታይቶ በ2018 ቨርጂኒያ የገባው ስፖትድ ላንተርንፍላይ የሚባለው ተባይም ወደ ወይን ሐረግ ይመጣል፤ በብርዱ ወራት በግንድና በምሰሶ ላይ የደረቀ ጭቃ መስሎ የተለጠፈውን እንቁላሉን ፍቆ አልኮል ውስጥ መጨመር ነው።

አገር ቤት ወይን እንደሚሆን ጥርጥር የለውም። ዝዋይ ላይ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያለማው እርሻ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ወይን ጠጅ ለገበያ አውጥቷል፣ ያውም ከአውሮፓ ዝርያዎቹ ከሜርሎ፣ ከሲራና ከሻርዶኔ። የግቢው ወይን የማያፈራው ዕረፍት ስላላገኘ ነው። በኢንተርኔት የሚገኘው የአሜሪካና የፈረንሳይ የመግረዣ ጊዜ ለአዲስ አበባ አይሠራም፤ የሚቀርበው የህንዱ የማሃራሽትራ ልማድ ነው። እዚያም ብርድ አያስተኛውም፣ እዚያም የዝናብ ወራት አለ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይገርዛሉ፦ በኤፕሪል አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ፣ በኦክቶበር ዝናቡ ሲወጣ ፍሬ እንዲይዝ፣ ለቀማውም በደረቁ ወራት ይውላል። በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ላይ ዋናው ግርዘት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይሆናል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጥቂት ሳምንት ውኃ ሳያጠጡ ማቆየት፣ የቀረውን ቅጠል በእጅ ማርገፍ፣ መግረዝ፣ ከዚያ ማጠጣት። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ መብሰያው ከቆላው ይዘገያል፣ ቢሆንም ከክረምቱ በፊት ይደርሳል።

የትኛውን ልትከል ለሚል ሰው መልሱ በቤቱ ይወሰናል። ተከራይ ከሆነ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካለ፣ ቲማቲም፦ ታቹ የተበሳ 20 ሊትር ባልዲ፣ ቁመቱ የሚያጥር ዝርያ፣ በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ፣ በሙቀት ወራት በየቀኑ ውኃ። የራሱ ጓሮ ያለው ሰው ግን ወይኑን በዚህ ዓመት ይትከል። “አገር ስገባ” እያሉ ሃያ ዓመት አንድ ቤት ውስጥ የኖሩ ሰዎች በየሜይ ችግኝ ሲገዙ ይታያል፤ በመጀመሪያው ዓመት ወይን ቢተክሉ ኖሮ ልጆቻቸው ከወይኑ ጥላ ሥር ባደጉ ነበር።

ለሁለቱም ተክል የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሣር ሜዳ አረም ማጥፊያ የሆነው ቱ ፎር ዲ (2,4-D) ቲማቲምንና ወይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ከጎረቤት ግቢ በነፋስ የመጣ ጥቂት ጠብታ እንኳ ቅጠሉን ያጣምመዋል፣ ያጠብበዋል። የተረጨ ሣር አጭዶ መደብ ላይ ማልበስም ያው ነው። የወይን ቀንበጥ በሻንጣ ደብቆ ወደ አገር ቤት መውሰድም ሆነ ከአገር ቤት ማምጣት አይገባም፤ ሕጉ ብቻ ሳይሆን በቀንበጡና በአፈሩ የሚሄደው ቫይረስና ፊሎክሴራ የሰውን ሁሉ ማሳ ነው የሚነካው። አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ በግርዘት ጊዜ ከደህና ጎረቤት ግቢ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ አራት አይን ያለው ቁራጭ ለምነው ሁለቱን አይን መሬት ውስጥ፣ ሁለቱን ከላይ አድርገው ይትከሉት፤ እርጥበቱ ካልተቋረጠ ሥር ያወጣል።