ወላጅ አይቶታል

ልጄ ሰባተኛ ክፍል በገባች በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ከተማሪዎች የሚጠበቅ» ይላል። ፊትና ጀርባው ጢም ብሎ ተጽፎበታል። ከታች ደግሞ ባለ ነጠብጣብ መስመር አለ፦ «አንብቤ ተስማምቻለሁ፤ የወላጅ ፊርማ»። እኔ ባለ ነጠብጣብ መስመር ካየሁ እጄ አያርፍም። ፈረምኩ። ማንበብ እንደሆነ የሚጠበቀው ከተማሪዋ ነው።

ያነበብኩት ማታ ነው፣ እሱም ስልኬ ባትሪ ስለጨረሰ። ተማሪዋ ያነበበችውን በራሷ ቃላት አሳጥራ ትጽፋለች። ሥርዓተ ነጥብን በአግባቡ ትጠቀማለች። ሰምና ወርቁን ለይታ ታወጣለች። የሰው ሐሳብ ሳታቋርጥ ታዳምጣለች፣ ካልተስማማች ደግሞ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ምክንያቷን ታቀርባለች። እዚህች ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ይሄ እንግዲህ የሚጠበቀው ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። እኔ አርባን አልፌ እንኳ፣ ሰው ሲያወራኝ ዝም የምለው ቀጥሎ የምናገረውን እስካዘጋጅ ብቻ ነው።

መምህሯ ያንኑ ወረቀት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕም ለጥፋዋለች፤ «እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። የመጀመሪያው መልስ «ምንድን ነው እሱ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ስንት ደብተር ነው የሚያስፈልገው?» አለ። የደብተሩ ነገር ሦስተኛው መስመር ላይ ተጽፏል። ሦስተኛው ሰው «አሜን» ብለው መለሱ፤ ሌላ ግሩፕ መስሏቸው ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንድ አሥራ አምስት ሰው አውራ ጣቱን እያነሳ አለፈ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ልጃቸውን አንብቦ መረዳት ላይ ስንት አመጣህ ብለው የሚያፋጥጡ ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ፣ አውራ ጣቴን አንስቻለሁ።

እንደ ደህና አባት ላስጠናት ብዬ ተቀመጥኩ። በቃል ክፍሎች እንጀምር አልኳት፤ ምክንያቱም እነሱን በቃሌ እችላቸዋለሁ፣ ተገርፌባቸዋለሁ። ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተፃምር፣ ቃለ አጋኖ። ስምንት! እንደ መትረየስ አወረድኳቸው። ልጅቷ በሐዘኔታ አየችኝ። «አባዬ፣ አምስት እኮ ናቸው።» ሦስቱስ የት ሄዱ? ተውላጠ ስም ስም ውስጥ ገብቷል አሉ። መስተፃምርም ከመስተዋድድ ጋር ተዳብሏል። ቃለ አጋኖማ ጭራሽ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ለስንት ዓመት ይዤው የዞርኩት እውቀት እንደ መሥሪያ ቤት መዋቅር ተጠንቶ ሦስት ሠራተኛ ተቀንሶበታል፣ ለእኔ የነገረኝ የለም።

ወደ ፊደል ዞርን። ወረቀቱ «ሞክሼ ፊደላትን ለይቶ መጻፍ» ይላል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ስማቸውን አውቃለሁ፤ የት እንደሚገቡ ግን እነሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ። እኔ የምጽፈው ስልኬ መጀመሪያ ባመጣልኝ ነው። አንድ ጠዋት ልቤ ሞቅ ብሎት «ፀሀይ ሰረቀች» ብዬ ግጥም መሳይ ነገር ለጥፌ ነበር። ልጄ አየችና «ምን ሰረቀች?» አለችኝ። በንጉሡ ሠ ከሆነ ወጣች ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ከሆነ ግን ሌባ ናት። ያን ጠዋት ሰባ ሰው ልብ ሰጥቶኛል፤ ፀሐይን ሌባ አድርጌ ስወነጅል «ተው እንጂ» ያለኝ አንድም አልነበረም።

ድርሰት ላይ እንኳን አንደኛ ነኝ ብዬ ነበር። ወረቀቱ ግን ከጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ድርሰትን ‹የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ› ብሎ መጀመር የተከለከለ ነው።» ይሄ እኔን በስም ጠርቶ እንደመናገር ነው። ስለ ጓደኝነት ስጽፍ የሰው ልጅ ከተፈጠረበት ጊዜ ነው የጀመርኩት። ስለ ንጽሕናም፣ ስለ ትራፊክ አደጋም። ማመልከቻ እንኳን ስጽፍ እንዳይቀድመኝ እታገለዋለሁ። ያን በር ከዘጉብኝ በየት በኩል ልግባ? «በቃ ስላየሽው ነገር ጻፊ» ብዬ ተነሳሁ። እሷም እኔን ሳስጠናት ጻፈችና ከአሥር ዘጠኝ አመጣች። አላስነበበችኝም።

ዋናው ጉድ ግን የንባብ መዝገቡ ነው። ተማሪዋ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ታነባለች፣ ከስንት እስከ ስንት ገጽ እንዳነበበች ትሞላለች፣ ወላጅ በየቀኑ ይፈርማል። የወሩ መጨረሻ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ መዝገቡን ይዛ መጣች። ባዶ ነው። ነጭ። ነገ ይሰበሰባል።

መቆጣት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን እሷን ስቆጣ «አንተስ ለምን በየቀኑ አልጠየቅከኝም?» ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ሳይጀመር ታረቅን። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሠላሳ ቀን፣ በቀን አምስት ገጽ። እሷ ትሞላለች፣ እኔ እፈርማለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ እጄን ያዘችኝ። «አባዬ፣ እስክሪብቶ ቀይር እንጂ!» እውነትም አንድ ወር ሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት እጅ። ሰማያዊ አመጣን፣ ጥቁር አመጣን፣ ለእሑድ አረንጓዴ አደረግን። አሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ ቆሜ ፈረምኩ፣ የቸኮልኩ እንዲመስል። «ከንባቡ ያገኘሁት ቁም ነገር» የሚለው ዓምድ ላይ ስንደርስ ደክሞን ስለነበር አሥሩን «ጥሩ ነው» አልን፣ አሥሩን «በጣም ጥሩ ነው»፣ የቀረውን «እውነት ሁልጊዜ ያሸንፋል»።

በሳምንቱ መዝገቡ ተመለሰ። መምህሯ በቀይ ጽፋበታለች፦ «ልጅዎ ከመጽሐፉም አልፋ ሄዳለች። እንዲህ ያለ አንባቢ ቤተሰብ ገጥሞኝ አያውቅም¡»

ደረቴ ተነፋ። ትንሽ ነውር ነገር ሽው አለብኝ እንጂ ቶሎ አለፈ። ፎቶ አነሳሁና ለቤተ ዘመዱ ግሩፕ ላክሁት። «አንባቢ ቤተሰብ» ብዬ ርእስ ሰጠሁት። እልልታው ጎረፈ። እህቴ «በአባቷ ወጥታ ነው» አለች። አክስቴ የሚያለቅስ ፊት ላኩ፤ እሳቸው ለደስታም ለሐዘንም እሱኑ ነው የሚልኩት። የቃለ አጋኖው መገልበጥ ብቻ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር፤ ከመቸኮሏ ነው ብዬ ተውኩት።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ስልኩን አሳየኋት። አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አባዬ፣ ላክኸው?»

«አዎ! መምህርሽ እኮ አደነቀችን። ቃለ አጋኖ ሁሉ አድርጋለች።»

«ቃለ አጋኖ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው።»

ደብተሯን አወጣች። ሥርዓተ ነጥብ የሚል ገጽ ገለጠች። አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ትእምርተ ጥቅስ፤ ወረድ ብሎ በእርሳስ ሁለቴ የተሰመረበት አንድ ምልክት አለ፣ የተገለበጠ። ትእምርተ ሥላቅ ይባላል። ሰው ሲሾፍብህ የሚደረግ። ለካ አማርኛ ለሽሙጥ ራሱን የቻለ ምልክት አለው፣ እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ስሾፍም ሲሾፍብኝም ያለ ምልክት ነው የኖርኩት።

«ግን ‹ከመጽሐፉም አልፋ› ብላለች እኮ…» አልኳት፣ ተስፋ ሳልቆርጥ።

«ሰምና ወርቅ ነው አባዬ። መጽሐፉ ገጽ 96 ላይ ያልቃል። እኛ 150 ደርሰናል።»

ዝም አልኩ። ስልኬ እልልታ እየተቀበለ ጠረጴዛው ላይ ይንዘፈዘፋል።

«ለማንኛውም» አለች፣ መዝገቡን ወደ እኔ እየገፋች፣ «ከሥር ፈርምበት። ‹ወላጅ አይቶታል› ይላል።»

«በየትኛው እስክሪብቶ?» አልኳት።