የአብዬ እከክ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሰፈራችንን ጉዳይ ሁሉ በበላይነት የሚከታተሉት ጎረቤቴ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላትን ነጭ መኪናዬን አንድ ጊዜ ዞሯትና ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ። ምን ሊያደርጉ ይሆን ብዬ ሳልጨርስ፣ በሾፌሩ በኩል ባለው በር ላይ ከወጡት ቡናማ ነጠብጣቦች አንዷን በቁልፉ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረጉና «ዝገት ነው፤ ከውስጥ የመጣ ነው» ብለው ፈረዱ። ነጠብጣቧ አልተነቃነቀችም። በእርሷ ፈንታ ግማሽ ጣት የሚያህል ጭረት ተወለደ። «አመሰግናለሁ ጋሼ» አልኩ። ምን ልበል?

ከፋብሪካ የወጣ የመኪና ቀለም፣ ከብረቱ ጀምሮ እስከ ላይኛው መስታወት መሰል ሽፋን ድረስ ያሉት ንብርብሮቹ ሁሉ ተደምረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ውፍረታቸው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢደርስ ነው። መኪናዋን የሚያብረቀርቃትና የታችኛውን ቀለም ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ሽፋን ለብቻው ሲለካ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። እንግዲህ ጋሼ የቆርቆሮ በር በሚከፍቱበት ቁልፍ የመረመሩት ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው። ሽፍታ የወጣበትን ሕፃን በማጭድ ጫፍ የሚመረምር ሐኪም ቢኖር ፈቃዱን እንቀማው ነበር። በዚያው ሳምንት ከጋሼ ቀጥለው ስድስት ሰዎች መርምረዋታል፤ ሁለቱ በጥፍር፣ አንዱ በሳንቲም።

ከጭረቱ ይልቅ የገረመኝ ፍርዱ የወጣበት ፍጥነት ነው። ጋሼ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከተማውን ከሞሉት የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ጋር ታርቀው አያውቁም፤ ድምፅ የማያሰማ መኪና በእርሳቸው ዘንድ ጎማ የተገጠመለት ማቀዝቀዣ ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡን ሳያዩ ጥፋቱ የቻይና መሆኑን ያውቁ ነበር። የሚስቴ ወንድም ከአጥሩ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍና በላዩ የሚያድሩትን ቁራዎች ከሰሰ፤ የዛፉ ባለቤት የተበደረውን ገንዘብ ሳይመልስለት ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የላቫጆው ልጅ በመንገድ ሥራው ሲሚንቶ አመካኘ፤ መንገዱ ሲሰፋ የተነሣው የእርሱ ላቫጆ ነበር። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደግሞ ላቫጆውን ራሱን ከሰሰ፤ አምና የፀሐይ መነጽሩ የጠፋው እዚያ ነው። አክስቴ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «የሰው ዓይን ነው ልጄ፤ ነጭ አትግዛ ብዬህ አልነበር?» አሉ።

በቋንቋችን ካሉት ተረቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» የሚለውን ነው። በልጅነቴ ስሰማው የምጨነቀው ለእምዬ ነበር፤ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ሽሮዋን እያማሰለች ሳለ ከየት መጣ የማትለው እከክ ይለከክባታል። ዛሬ ሳስበው ግን ግራ የሚገባኝ የአብዬ ነገር ነው። እከኩ ወደ እምዬ ከተላከ በኋላም ሰውየው ማከኩን የተወ አይመስለኝም፤ ቆዳውን ያየለት የለማ! በተረቱ ውስጥ ሐኪም የለም፣ ቅባትም የለም፤ ያለው ዝውውር ብቻ ነው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቶ መሆን አለበት።

ዝውውር ስል ከዛሬ ስምንት ዓመት በፊት የድሮዋን መኪናዬን ፓራፋንጎ ያበጀልኝ ቀለም ቀቢ ትዝ አለኝ፤ ትዝ ባይለኝ ደስ ባለኝ ነበር። ስርጉዱ የዕንቁላል ያህል ነበር። ላሜራውን ከውስጥ ቀጥቅጦ እንደማቅናት ስቱኮ እየደፋ ሞላው፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍም እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰነጣጠቀ። ማግኔት ሳስጠጋበት አልያዝ አለ፤ ማግኔት ብረትን እንጂ ስቱኮን አያውቅም። ሄጄ ስጠይቀው «አቧራማ መንገድ ላይ እየነዳህ ምን ላድርግልህ?» አለኝ። መኪናዋን ስሸጥ ገዢው ገና ከሩቅ «ይህች ተነክታለች» ብሎ ዋጋ የሰበረው በዚያው ፓራፋንጎ ምክንያት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ሌላ ቀለም ቀቢ የአዲሷን ኮፈን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አድርጎ «ሙሉ ለሙሉ ብትቀባ ይሻላታል» ሲለኝ የመለስኩለትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ይህ ሰው የበደለኝ ነገር የለም፤ የዚያኛው የሙያ ባልደረባ ነው፣ ይበቃል።

እሑድ ብቻዬን ከመኪናዋ ጋር ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ጎጂው የፀሐይ ጨረርም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ፀሐይ ልትጠረጠር ይገባት ነበር፤ ነገር ግን በፀሐይ የተጎዳ ሽፋን መንጣትና መላጥ የሚጀምረው ሰማይ ከሚያየው ከጣሪያውና ከኮፈኑ ነው፤ የሾፌርን በር አይመርጥም። የቁራ ኩስ የሚተወው ጠባሳ ሰፊና ደብዛዛ ነው። ሲሚንቶ ግራጫ ቅርፊት ይሠራል። ከውስጥ የመጣ ዝገት ቢሆን ቀለሙን አሳብጦ ባነሣው ነበር። የእኔዎቹ ከሰናፍጭ ቅንጣት ያነሱ፣ በግራ በኩል ብቻ የተረጩ፣ በጣት ሲዳሰሱም እንደ አሸዋ የሚቆረቁሩ ናቸው። በማጉያ መነጽር ሳይ እያንዳንዷ መካከሏ ጥቁር፣ ዙሪያዋ ብርቱካናማ ነው። ብረት ነው፤ ግን የመኪናዋ ብረት አይደለም። ከውጭ እንደ ጋለ መጥቶ ሽፋኑ ላይ የተሰካ፣ ክረምቱንም ዝናብ እየጠጣ የዛገ ብናኝ ነው።

ቀና ስል፣ ከመኪናዋ በስተግራ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ በሰኔ መጨረሻ ያሠራሁት አዲሱ የግቢ በር ቆሟል። ያሠራሁት የሰፈር ልጆች ኳስ መኪናዋን እንዳይነካት ብዬ ነው። በያጁ ላሜራውን በግራይንደር ሲቆርጥ ብልጭታው ሲረጭ ልጄ ደስ ብሏት በሞባይል ቀርጻው ነበር። በቪዲዮው ላይ ከበያጁ ጀርባ መኪናዋ ትታያለች። «ጌታው፣ መኪናዋን ፈቀቅ ብናደርጋት?» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ «ግድ የለም፣ ቀጥል» የሚል መልስም ይሰማል። መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ለመለየት የቪዲዮው ጥራት አያስችልም።

ከመኪና ዕቃ መሸጫ ብረት የሚያሟሟ ፈሳሽ ገዝቼ ረጨሁባት፤ ነጠብጣቦቹ ሐምራዊ እየሆኑ ወረዱ፣ አብዛኞቹም ለቀቁ። የጋሼ ጭረት አልለቀቀም። ሰኞ ዕለት አክስቴ ደውለው ምክንያቱ ተገኘ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስለ በሩ፣ ስለ ብናኙና ስለ ቪዲዮው መተረክ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሆኖ ስላገኘሁት «ዓይን ነው እትዬ» አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። በያጁ ግን የቀረችውን ሁለት መቶ ብር ሊጠይቀኝ ቢመጣ አልከፍለውም።