የዓይን ቲቢ የያዘው ሰው ልቡም ይታይለት

ቲቢ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሳል ነው። ባክቴሪያው ግን በደም ይጓዛል፤ ዓይን ውስጥም ይገባል። ሰውየው ሳይስል፣ የደረቱ ራጅም ምንም ሳያሳይ፣ ዓይኑ ሊደበዝዝበትና ብርሃን ሊያስቸግረው ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ምርመራው ከታወቀ በኋላ ያለው ነው። ዓይኑ ታየለት፣ መድኃኒት ተጀመረለት። ልቡንስ ማን አየለት?

ያው ባክቴሪያ የልብን ሽፋንም ያጠቃል። በአፍሪካ ለልብ ሽፋን ሕመም ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ቲቢ ነው። ልብ ዙሪያ የተጠራቀመው ውሃ ሲጫን ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል። ቁርጭምጭሚቱን በጣት ጫን ሲያደርጉት ሰርጉዶ ይቀራል። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ሕክምናውም የራሱ ጣጣ አለው። የዓይኑን ብግነት ለማብረድ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛል። ዓይን ሊያተርፍ ይችላል፤ ግን የደም ግፊትና ስኳር ይጨምራል፣ ሰውነት ውስጥም ውሃ ያስቀራል። ልቡ ለደከመ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። አገራችን ውስጥ በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቭ አስቀይረው ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ወጣቶች አሉ። ሪፋምፒሲን ሲጀመርላቸው ዋርፋሪኑ ይዳከማል፣ ደም ሊረጋባቸው ይችላል። መጠኑ ከፍ ተደርጎላቸው ከነበረ ደግሞ፣ ሪፋምፒሲን ሲቆም ሊደሙ ይችላሉ። ስለዚህ ቲቢ ክፍል ውስጥ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

በተቃራኒው፣ የልብ ቲቢ ታማሚም ዓይኑ መረሳት የለበትም። ሌላው የቲቢ መድኃኒት ኢታምቡቶል የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ማቃት አንዱ ምልክት ነው። ቶሎ ካልተደረሰበት እይታው ላይመለስ ይችላል።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የሚሠራበት ሆስፒታል ሩቅ ነው ይባላል። እውነት ነው። ለሁሉም ኢኮ ይሠራ አላልኩም። ግፊትና ስኳር ግን ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ይለካ፤ በየቀጠሮውም ይደገም። ትንፋሽ ያጠረው፣ እግሩ ያበጠ፣ ቀድሞም የልብ ሕመም የነበረበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሪፈር ይጻፍለት።