የዓሣው ዕቁብ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሰው ከከተማ የሚወጣባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ ሕክምና፣ ፍርድ ቤት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ስለት፣ ጠበል፣ የሥራ ዝውውር። ከእነዚህ አንዱን ይዞ መናኸሪያ የተገኘ ሰው «እግዚአብሔር ያሳካልህ» ተብሎ ይሸኛል፤ ለስንቁም በሶና ዳቦ ቆሎ ይቋጠርለታል። «እንዲያው ለማየት ነው» ብሎ የሚነሣ ግን ነገር አለበት። ወይ የመሥሪያ ቤት ገንዘብ አጉድሏል፣ ወይ ትዳሩ ሊፈርስ ነው፣ ወይ ሐኪም የነገረውን ከቤተሰቡ ደብቋል።

እኛ ደግሞ ከቡና ሰዓት ወዳጆቼ ጋር ጅቡቲ ወርደን፣ ባሕር ውስጥ ጠልቀን፣ ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለውን ፍጡር አይተን ልንመለስ ዐቀድን። ሐሳቡን ያመጣው ሒሳብ ሠራተኛው ነው። በስልኩ ያሳየን ፎቶግራፍ ላይ ጀርባው በነጫጭ ነጠብጣብ የተሸፈነ፣ ከአውቶቡስ የሚተካከል ዓሣ አለ፤ ከጎኑ አንድ ፈረንጅ አየር የታመቀበት ጠርሙስ አዝሎ ይንሳፈፋል። መምህሩ ዓሣውን አየ፣ እኔም ዓሣውን አየሁ። ልብስ ሰፊው ያየው የፈረንጁን ልብስ ነው። «ይህ ሰውዬ የገባው በየት በኩል ነው? ስፌቱ አይታይም እኮ!» እያለ ምስሉን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ሲመረምር ቡናው ቀዘቀዘ።

ጉዞው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተሳፍሮ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር፣ ከጅቡቲ ከተማ ደግሞ በጀልባ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ። በዐባይ በረሃ በኩል መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ እዘለዋለሁ፤ ለወግ የሚመች አይደለም።

ከባዱ ነገር አክስቴ ናቸው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ገና ከበር ስገባ ያዙኝ።

«ታመሃል እንዴ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ እትዬ።»

«ስለት አለብህ?»

«የለብኝም።»

«እዚያ አገር የሞተብን ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይህ ዓሣ ምንህ ነው?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ መጽሐፍ የለም። ስለዚህ የማውቀውን መደርደር ጀመርኩ። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ መሆኑን፣ ከ12 ሜትር የሚበልጥ መኖሩን፣ 18 ሜትር ገደማ የደረሰም መገኘቱን ነገርኳቸው። ዓሣ ነባሪ ይባል እንጂ አየር ለመሳብ ወደ ላይ የሚወጣው ነባሪ እንዳልሆነ፣ በአንገቱ ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች ውሃ ውስጥ የሚተነፍስ ሻርክ መሆኑንም አስረዳሁ። አክስቴ አንድ ነገር ብቻ ሰምተዋል።

«ዮናስን የዋጠው ነዋ!»

ይህኛው እንኳን ነቢይ ዶሮም አይውጥም አልኳቸው። አፉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሊከፈት ይችላል፤ ጉሮሮው ግን ጠባብ ነው። ከ3,000 የሚበልጡ ጥርሶች አሉት፣ ሁሉም እንዳይሆኑ ሆነው የቀሩ ጥቃቅን ናቸው። ውሃውን በአፉ ተቀብሎ በእነዚያው ስንጥቆች እያጠለለ ሲያስወጣ የሚቀርለትን ይበላል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን፣ የዓሣ እንቁላልንና የመሳሰለውን። አክስቴ «ምስኪን» ብለው ሊራሩለት ሲሉ እንቁላል የሚለው ቃል ደረሳቸውና ፊታቸው ተለወጠ።

«በጾም?»

እዚህ ላይ አክስቴ እውነት አላቸው። ዓሣዎቹ ወደ ታጁራ የሚመጡት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ምግባቸው በባሕሩ ላይ በሚበዛበት ወቅት ነው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ ፍጡሩ ጾሙን ከመግቢያው እስከ ገና ዋዜማ ድረስ አፉን ከፍቶ እንቁላል ሲያግበሰብስ ያሳልፋል ማለት ነው። እኛ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን በየዓመቱ እንጣላለን፤ ዓሣው ራሱ ስለሚበላው ነገር የተጨነቀ አልነበረም። ጉዳዩ የኔታ ዘንድ ቀረበ። የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡና፣ «ማየት ጾም አይገድፍም። መመኘት ግን ይገድፋል። ትመኙታላችሁ?» አሉ። ሦስታችን አንመኝም አልን። ልብስ ሰፊው «ቆዳውን ከሆነስ?» ሲል የኔታ ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

አክስቴ እየዋለ እያደረ ለፍጡሩ ሌላ ዓይነት ፍላጎት አደረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን ላይ የተያዘች አንዲት እናት 300 ያህል ጽንስ በሆዷ ይዛ እንደተገኘች ስነግራቸው፣ መጀመሪያ ያሰቡት ምጡን አልነበረም። «በስመ አብ! ክርስትናውን ማን ይችለዋል?» አሉ። ታጁራ የሚመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ያልጎለመሱ ወንዶች እንደሆኑ፣ ለአቅመ አዳም ለመድረስም ብዙ ዓመት እንደሚፈጅባቸው ሰሙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከየቀዬው ተነሥተው የዕለት ጉርስ ወዳለበት የሚወርዱ ጎረምሶች ናቸው፤ ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እንደሚወርዱት የእኛዎቹ። አክስቴ ስለ መጥለቁ የጠየቁት ነገር የለም፤ «እናታቸውስ የት ነው ያለች?» የሚለውን ግን ደጋግመው ጠይቀዋል። ነፍሰ ጡሮቹ የት እንደሚወልዱ ተመራማሪዎችም ገና እንዳልደረሱበት ብነግራቸው ከተመራማሪ ምን ይጠበቃል በሚል ዓይን አዩኝ።

በዚህ መካከል ዝግጅቱ ቀጠለ። ጀማሪ ጠላቂ የሚያገኘው የምስክር ወረቀት እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ያስገባል፤ እሱን ለማግኘት ግን 200 ሜትር መዋኘትና ለ10 ደቂቃ ሳይሰምጡ መንሳፈፍ ይጠይቃል። ከመካከላችን ዋና የሚችለው ጨሞጋ ወንዝ ዳር ያደገው መምህሩ ብቻ ነው፤ የቀረነው ከባልዲ የሚበልጥ ውሃ ውስጥ ገብተን አናውቅም። ሒሳብ ሠራተኛው ጣና ላይ እንለማመድ አለ። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የ18 ሜትር ፈቃድ የያዘ ሰው ቀሪውን 4 ሜትር ጭቃ መቆፈር ይፈቀድለታል። ጉማሬውን ማን ያስፈቅድ የሚለው ሳይነሣ ታለፈ።

እኔን የገረመኝ ግን የከፍታው ነገር ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከጠርሙስ አየር የሚስብ ሰው ደሙ ውስጥ ናይትሮጅን ይጠራቀማል፤ ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣ ያ ጋዝ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያውን ያሽመደምደዋል፣ ከባሰም ይገድለዋል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈርም። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢሳሳ ቢሳሳ የ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ የተቀመጠችው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ እኛ ከተወለድን ጀምሮ ቀበቶ ሳናስር አየር ላይ ነን፤ ለጎጃም ደገኛ ከባሕር ተነሥቶ ቤቱ መግባትና መብረር አንድ ነው። ይህን ያህል አስልተን ከጨረስን በኋላ መምህሩ አንብቦ መጣ፦ ታጁራ ላይ ዓሣውን ለማየት ጠርሙስ አያስፈልግም። ምግቡ ከውሃው ፊት ስለሆነ እሱም ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው፤ መነጽር ማጥለቅና የመተንፈሻ ቱቦ መንከስ ይበቃል።

ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ግን ዝም አለ። ቆይቶ ሲናገር የልቡ ወጣ፤ ጠርሙስ ካልታዘለ ፎቶግራፉ ምን ሊመስል ነው? ቱቦ ነክሶ መንሳፈፍን ማንም ያደርገዋል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ዓሣውን አያውቁትም፣ ጠርሙሱን ግን ያውቁታል። በዚህ ላይ ደንቡ አለ፤ አይነካም፣ መንገዱ ላይ አይቆምም፣ ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ይራቃል። ዝርያው ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ስለሆነ ደንቡ ተገቢ ነው እላለሁ። ሆኖም ከጎጃም ተነሥቶ አንድን ፍጡር ለማየት ቀናት የተጓዘ ሰው፣ ደርሶ ትከሻ ሳይገጭ፣ «እንደምን ከረምክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው» ሳይል 3 ሜትር ርቆ ይመለስ ማለት አስተዳደጉን ካድ ማለት ነው።

ቀኑም አልተስማማ። ኅዳር ጤፍ ይታጨዳል፣ ታኅሣሥ አውድማ ተለቅልቆ ይወቃል፣ የገጠር ቤተሰብ ያለው ሰው በዚያ ሰሞን «ዓሣ ላይ ነኝ» ብሎ ስልክ አያነሣም። ጥር ሠርግ ነው። ዓሣው የሚመጣው እኛ በማንገኝበት ወራት ብቻ ነው።

ያዳነን ቁሳቁስ ነው። ጅቡቲ የሚለው ስም ሲሰማ ትእዛዝ ይጎርፍ ጀመር፦ ሽቶ፣ ቴርሞስ፣ ብርድ ልብስ፣ የሕፃን ጫማ ቁጥሩ በክር ተለክቶ። አንዲት ጎረቤት ያረጀ ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልላ «ልክ እንደዚህ ያለ፣ አምስቱ ተሰብሮብኝ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ከአዛዦቹ መካከል የዓሣውን ፎቶ አንሣልኝ ያለ አንድም ሰው የለም። አክስቴም የትእዛዙን ዝርዝር ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «ለንግድ ነው አትለኝም ኖሯል!» ብለው ለሁለት ነጠላ ቀዳሚ ገንዘብ ሰጡኝ።

የጉዞው ወጪ በዕቁብ ይሰብሰብ ተባለ። ሕጉም ተጻፈ፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ለጉዞው ብቻ ይዞ ይቆያል። የመጀመሪያው ዕጣ ለልብስ ሰፊው ወጣ። እሱም እስከ ማግስቱ ድረስ ይዞት ቆየና ቆርቆሮ ገዛበት። ስንከሰው «ክረምቱን ሙሉ ባሕሩ እኔ ቤት ነበር፤ ማናችሁ ናችሁ መጥታችሁ ያያችሁት?» አለ፤ መልስ የሰጠው የለም። ቀጣዩ ለመምህሩ ደረሰው፤ እሱም ልጅ ክርስትና አስነሣበት። ሒሳብ ሠራተኛው ደረቅ ቼክ እንደተቀበለ ሰው ሲጮኽ ከረመና ተራው ሲደርስ በግ አደለበበት። ዕቁቡ በሰዓቱ የሚከፈል፣ ሰው የማይክድበት መሆኑ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ አስገቡኝ አለ። አክስቴ በግማሽ ዕጣ ገቡና በአንድ ጊዜ ጸሐፊ ሆኑ፤ አሁን ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩተው «የዓሣውን አምጣ» የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ላረፈደ ቅጣት ያስከፍላሉ። በቅርቡ የገባው ሥጋ ነጋዴ ደግሞ ዕቁቡ ከጅቡቲ ዓሣ ለማስመጣት የተቋቋመ መስሎት፣ ለእሱ ስንት ኪሎ እንደሚደርሰው ባገኘኝ ቁጥር ይጠይቀኛል።