ራጁ ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ግን ያመዋል

አጎቴ ቀኝ ዳሌውን ፍንጣሪ የመታው በ1991 ባድመ ግንባር ነው። ፍንጣሪው ወጥቶለታል። ቁስሉ ከዳነ ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። ሕመሙ ግን አልተወውም። ሰው ሁሉ "ብርድ ነው" ይለዋል፣ እሱም "ብርድ ነው" ይልና ዲክሎፌናኩን ይውጣል።

አንድ ግንቦት ሠርግ ቤት አብረን ተቀምጠን ሙሽሮቹ ሲገቡ ርችት ተተኮሰ። አልጮኸም፣ አልተነሳም። እጁ ብቻ ሄዶ ዳሌውን ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ሲጠዘጥዘው ከአልጋ አልወረደም። በዚያ ሙቀት የምን ብርድ ነው?

ሐኪም ቤት ሲሄድ ራጅ ያነሱታል። "አጥንትዎ ደህና ነው፣ ምንም የለብዎትም" ይሉታል። እሱ ቤት ገብቶ "ውሸታም መሰልኳቸው" ይላል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። የሚያመው መሆኑን ግን ሊያስተባብል አይችልም።

በአውሮፓውያኑ 2001 ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን ጥሩ አድርገው አስረድተውታል፤ ሕመሙና የጦርነቱ ትዝታ አንዱ ሌላውን ይቀልባል። ዳሌው በወጋው ቁጥር ያ ቀን ይመጣበታል። ያ ቀን ሲመጣ ሰውነቱ አሁንም ምሽግ ውስጥ ያለ ይመስል ጡንቻው ይወጠራል፣ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። እንቅልፍ ላጣ ሰው ደግሞ ትንሹም ሕመም ትልቅ ነው። ስለሚያመው አይንቀሳቀስም፣ ስለማይንቀሳቀስ ይደክማል፣ ሲደክም ይብስበታል። ኢራቅ ውስጥ በቆሰሉ 696 የአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተሠራ፣ በአውሮፓውያኑ 2010 የወጣ ጥናትም አለ። ገና እንደቆሰሉ ሞርፊን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸው ሰዎች በኋላ ፒቲኤስዲ የሚባለው የጭንቀት ሕመም የያዛቸው ከሌሎቹ ባነሰ ሁኔታ ነው። ሞርፊኑ ብቻውን ነው ያዳናቸው ማለት አይቻልም። ግን የሥጋውንና የአእምሮውን ሕመም ለሁለት ቆርጠን ማከማችን ስህተት ይመስለኛል።

እኛ አገር ደግሞ ወታደር ጠባሳውን ሲያሳይ ይከበራል። "ሌሊት እየባነንኩ እነሳለሁ" ካለ ግን ፈሪ እንዳይባል ይሰጋል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወዋል። ለሐኪም የሚናገረው ስለ ዳሌው ብቻ ነው፣ ያለ ሐፍረት የሚያወራው እሱን ብቻ ስለሆነ።

አሁን ይሄን የምጽፈው ስለ አጎቴ ብቻ ብዬ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 የነበረው ጦርነት ከየአቅጣጫው ስንቱን አቁስሎ እንደመለሰ ሁላችንም በየሰፈራችን እናያለን። ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እመልሳለሁ ብሎ ተነስቷል። ገንዘቡም ሥልጠናውም ጥሩ ነው። ግን ሌሊት የማይተኛ፣ ቀን ወገቡን ይዞ የሚውል ሰው ሱቅ ቢከፈትለት እንዴት አድርጎ ይሠራበታል? ሲመዘገብ "የት ያምሃል?" ተብሎ ይጠየቅ። ወዲያው ደግሞ "እንቅልፍ ይወስድሃል? ምን ታያለህ?" ይባል። ፊዚዮቴራፒውና የሥነ አእምሮ ሕክምናው በአንድ ቀጠሮ፣ በአንድ ግቢ ይሁን። ትራማዶል የሚባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ አስይዞ መሸኘት ሕክምና አይደለም፤ ሱስ አስይዞ መላክ ነው የሚሆነው።

ብዙ ወጪ ይጠይቃል የሚለኝ ይኖራል። በቅርቡ አጎቴ ያችኑ ዲክሎፌናክ ሊወስድ ጤና ጣቢያ ሄዶ አንዲት ወጣት ነርስ "ጋሼ፣ ሌሊት ይተኛሉ?" አለችው። ዝም አለ። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ለማንም ያላወራውን፣ አጠገቡ ስለወደቀው ጓደኛው፣ ቁጭ ብሎ ነገራት። እኔ እንኳ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ዳሌው አሁንም ያመዋል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ግን እኔ ረስቼው እሱ ነው ያስታወሰኝ።