«ጠባሳ ብቻ ነው» አትበሉን

አባቴ የቲቢ መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጥ የጨረሰ ዕለት ቤታችን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ ነበር። አክታው ነጻ ሆኗል። ራጁን ያዩት ሐኪም «የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው» ብለው አሰናበቱት፤ እኛም እንደ ምሥራች ሰማነው። በአማርኛችን ጠባሳ ያለፈ ነገር ነዋ! ቁስሉ ድኖ ምልክቱ ሲቀር ነው ጠባሳ የምንለው።

የሳንባ ጠባሳ ግን እንደ ጉልበት ጠባሳ አይደለም። ጤነኛ ሳንባ እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ጠባሳ የያዘው ክፍል ይደድራል፤ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍበት ስስ ግድግዳም ይወፍራል ወይም ይጠፋል። ጀርሙ ከሞተ ከዓመታት በኋላም ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል።

አባቴም እንዲሁ ሆነ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስወጣውን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳያርፍ መጨረስ አቃተው። ራጅ ሲነሣ ያው የድሮው ጥላ ታየ፤ በአክታው ጀርም ሳይገኝ የቲቢ መድኃኒት እንደገና ተጀመረለት። መድኃኒቱን ቻለው። ያልቻለው የሰፈሩን ሹክሹክታ ነው። «ተመለሰበት» ተባለ፣ የቡና ስኒው ተለየ። ጠባሳ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይህን ደፍሮ የነገረን ግን አልነበረም።

ደግሞ የሳንባ ጠባሳ ሁሉ ከቲቢ አይመጣም። ዓመታት ከተማገ የድንጋይ ብናኝ የሚመጣ አለ፣ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ተያይዞ የሚመጣ አለ። መነሻው ሳይታወቅ፣ በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሰዎችን ይዞ በራሱ እየሰፋ የሚሄድም አለ። ለዚህኛው ፒርፌኒዶንና ኒንቴዳኒብ የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል፤ መስፋፋቱን ያዘገዩታል እንጂ የተበላሸውን አይመልሱም። ታዲያ መነሻውም መድረሻውም የተለያየውን ሁሉ «ጠባሳ» ብሎ ማለፍ በሽተኛውን ያለ ሕክምና መተው ነው። ለመለየት ሲቲ ስካን፣ የትንፋሽ መለኪያና የሚያነብ ባለሙያ ያስፈልጋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ሰው ግን ዛሬም መንገዱ ረጅም ነው።

እኛ የምንኖረው ደሴ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም እንደዚያው። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። አባቴ ግን ኮምቦልቻ ሲወርድ ፊቱ ይፈታል፣ ወሬውም ይረዝማል። ዳገቱን ስንመለስ ደግሞ ቃላቱ እያጠሩ ይመጣሉ።

አብሮ መኖርን ቀስ በቀስ ተማርን። በአፍንጫው ይስብና ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሹሎ ቀስ ብሎ ያስወጣል። ገላውን ተቀምጦ ይታጠባል። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ማድ ቤት አጠገብ መቀመጥ ትቷል። ከሁሉ የከበደን «ዐረፍ በል፣ አትንቀሳቀስ» የሚለውን የዘመድ ምክር መተው ነበር፤ በፍቅር የሚሰጥ ነውና። ነገር ግን የተኛ ጡንቻ ይሰልላል፤ የሰለለ ጡንቻ ለትንሿም ሥራ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ በየማለዳው ሜዳ ሜዳውን ይራመዳል፣ ሲደክመው ይቆማል፣ ይቀጥላል።

የቲቢ ሕክምና ሲያልቅ በካርዱ ላይ «ድኗል» ወይም «ሕክምናውን ጨርሷል» ተብሎ ይጻፋል። ከሥሩ አንድ መስመር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ የሚነፋበት መለኪያ ባለበት ሁሉ ሰውየው የዚያን ዕለት የነበረው የትንፋሽ ልክ። ከዓመታት በኋላ እያለከለከ ሲመለስ ሐኪሙ ከጥላው ሌላ የሚያመሳክርበት ቁጥር ይኖረዋል።